ትእዛዝ የጣሱት የእንግዳሸት ልጆች

በአንድ ወቅት፣ በአንድ የቆላ ወንዝ ዳር፣ ሃምሳ አለቃ እንግዳሸት የሚባሉ ጡረታ የወጡ እግረኛ ወታደር ይኖሩ ነበር። «ወታደር ማለት መሬት የረገጠ ነው፤ የቀረው ሽርሽር ነው» ይሉ ነበር።

ከሦስት ልጆቻቸው ቃላቸውን የሰማ በኩሩ ምንውየለት ብቻ ነው። አስተማሪ መሆን ይመኝ ነበር፤ ምኞቱን ዋጥ አድርጎ እግረኛ ጦር ገባ። ከምሽግ ምሽግ ሲዞር አሥራ አራት ዓመት ሞላው፤ ልጆቹን የሚያየው በዓመት አንዴ ነበር።

ሁለተኛዋ ልጅ አንጓች ግን አየር ኃይልን መረጠች። «ከገባሽ ደጄን አትርገጪ!» አሏት። ገባች፤ ሄሊኮፕተር አብራሪ ሆነች፤ ስድስት ዓመት ሙሉም ደጃቸውን አልረገጠችም።

የመጨረሻው ዳምጤ ባሕር ኃይል እገባለሁ ሲል አባቱ ከት ብለው ሳቁ። «ባሕር በሌለበት አገር ባሕረኛ!»

«ባሕሩ ባይኖር እኔ አለሁ» አላቸውና ሄደ። ሐይቅ ላይ ሲሠለጥን ሠርጉን ሁለት ጊዜ አራዘመ።

አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ መንደሩን ዋጠው። ሰው ሁሉ ሲሸሽ እንግዳሸት «ጠላት ያላስፈገፈገኝን ውኃ አያስፈገፍገኝም» ብለው ቀሩ። ጎርፉ ቤታቸውን ነቅሎ ወሰደ፤ እሳቸውንም እያላጋ ሲወስዳቸው ግንድ እግራቸውን ሰበረው። በመጨረሻ የአንዲት ዋርካ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠለጠሉ። ያኔ ሽማግሌው ሞትን አዩት፤ ፈሩም።

አንጓች በዚያ ቀን ወደ ሌላ ወረዳ መድኃኒት ጭና ትበር ነበር። «ከመስመርሽ እንዳትወጪ» ተብላለች። መንደሩ በውኃ መዋጡን ከላይ ስታይ ግን «አባቴ እዚያ ታች አለ» አለችና አዞረች፤ ዋርካው ላይም አየቻቸው። ዋርካው ጥቅጥቅ ያለ ስለነበር ልታነሳቸው አልቻለችም፤ ያሉበትን ቦታ ግን በሬዲዮ ለነፍስ አድን ቡድኑ ነገረች። መድኃኒቱ ግማሽ ቀን ዘግይቶ ደረሰ።

ከባሕር ኃይል በመጣው በዚያ ቡድን ውስጥ ዳምጤ ነበር። አዛዡ «ውኃው እስኪጎድል አንዲት ጀልባ እንዳትንቀሳቀስ» ብሏል። ዳምጤ ገመዱን ፈትቶ ብቻውን ገባ። አባቱን ከዋርካው አውርዶ ዳር አደረሳቸው፤ ጀልባዋ ግን ከቋጥኝ ተላትማ ብትንትኗ ወጣ።

መንገዱ በጎርፍ ተቆርጧል፤ የሽማግሌው ደም ይፈስሳል። ምንውየለት እዚያው አጠገብ ኬላ ይጠብቅ ነበር፤ «ኬላውን ለቅቀህ ንቅንቅ እንዳትል» የሚል ትእዛዝ አለበት። የወንድሙን ጥሪ ሲሰማ ጠመንጃውን ለባልደረባው ሰጠና አባቱን አዘለ። ሰባት ሰዓት ጭቃና ዳገት ተጉዞ ሐኪም ቤት አደረሳቸው። ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገይ አናተርፋቸውም ነበር» አለው።

እንግዳሸት ዳኑ። ሦስቱ ልጆች ግን በአንድ ጄኔራል ፊት ቆሙ፤ አባትም በክራንች ተደግፈው መጡ።

«ትጸጸታላችሁ?» አለ ጄኔራሉ።

«ነገም ቢሆን አዞራለሁ» አለች አንጓች።

«ሌላ ጀልባ ስጡኝ፤ እደግመዋለሁ» አለ ዳምጤ።

ምንውየለት ቀስ ብሎ ተናገረ። «በዕድሜዬ የጣስኩት የመጀመሪያው ትእዛዝ ነው። አልጸጸትም።»

ጄኔራሉ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ትእዛዝ የጣሰ ከሠራዊቱ ይሰናበታል። ይቅር ማለት የምችለው አንድ ሰው ብቻ ነው። የዳነችው የእርስዎ ነፍስ ናትና እርስዎ ይምረጡ።»

እንግዳሸት ልጆቻቸውን ተራ በተራ አዩ። አንጓች ባታያቸው ማንም ያሉበትን አያውቅም ነበር፤ እሷም ያባረሯት ልጅ ናት። ዳምጤ የሳቁበትን ሙያ ይዞ ከሞት አፍ አወጣቸው። ምንውየለት ደግሞ የማይወደውን የደንብ ልብስ ለእሳቸው ሲል ለብሶ ኖረ፤ ከሠራዊቱ ቢሰናበት ለልጁ ቅጣት ይሁን ነጻነት አላወቁም።

ክራንቹን ወለሉ ላይ መቱት። «ሠላሳ ዓመት ትእዛዝ ፈጽሜያለሁ፤ ይኼን ግን አልፈጽምም! ከልጆቼ መሐል አልመርጥም!»

«እንግዲያው እኔ እመርጣለሁ» አለ ጄኔራሉ፤ ብዕሩንም አነሳ።

እስቲ እናንተ የምትሰሙ ፍረዱ፦ ይቅርታው የሚገባው ለማን ነው?