ቁልቁል የተሰቀለችው ዶሮ

አለንጋ የያዘ አንድ አባት መጥቶ፣ «የኔታ፣ ልጄ ከጓዳ አልወጣም ካለች ሦስት ቀኗ። አትበላ፣ አትናገር! ልግረፋት ወይስ አክስቷ ዘንድ ልስደዳት?» ሲል ጠየቃቸው። የኔታ አለንጋውን ትክ ብለው አዩና እንዲህ አሉ፦

አንድ ሰው ነበረ፤ ቁጣው ከእሱ ቀድሞ ደጅ የሚደርስ። ዶሮ ነበረችው። ስትጥል የከረመች ዶሮ አንድ ቀን ጎጆዋ ላይ ተቀመጠችና አልነሳም አለች። ጥሬ ቢበትንላት አትለቅም፤ እንቁላልም የለም። ሰውየው አሰበበት። አዋቂ ስለሆነ ማሰቡ ብዙ አልፈጀበትም።

«መታቀፍ አምሯታል!» አለ። «እኔ ሳላዝ!»

ፍርድ አዋቂም ነውና ቅጣቱን በደረጃ አደረገው። መጀመሪያ ሰደባት። ስድቡ አልገባትም። ቀጥሎ አገሩ እንደሚያደርገው በአፍንጫዋ ላባ ሰካባት። እሱም አልሆነ። በሦስተኛው እግሯን አስሮ ቁልቁል ሰቀላት፤ ስታቃስት ቢሰማ፣ «ይኸው መጸጸት ጀመረች» ብሎ ደስ አለው። ጸጸቱ እንቁላል አልሆን ሲለው፣ ቦታ ብትለውጥ ይለቃት እንደሆነ ብሎ ለጎረቤቱ ወሰዳት።

ጎረቤቱ አንዲት ባልቴት ናት። ተቀብላ ሆዷን ዳሰሰች። ዶሮዋ ጅራቷን እያርገበገበች ታምጣለች፤ ከሥር እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነገር አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዓይን የለህም? እንቁላሉ ተቀርቅሮባት እኮ ነው! አቅቷት እንጂ እምቢ ብላ መሰለህ?»

ለብ ባለ ውሃ እስከ ሆዷ ነከረቻት፤ መውጫውን ዘይት ቀባችላት፤ አድርቃ ሞቅ፣ ጨለም ያለ ጥግ አስቀመጠቻትና ሰውየውን ዝም አሰኘችው። ከቀትር በኋላ እንቁላሉ ወጣ፤ ቅርፊቱ ስስ፣ ደም የነካው።

«የእንቁላል ቅርፊት አድቅቀህ ከጥሬዋ ጋር ስጣት፤ ሰውነቷ ተሟጧል» አለችው።

«አየሽ፣ ቁልቁል መስቀሌ ሠራ!» አላት።

ዶሮዋን ይዞ ገባ። ካገገመች በኋላ ግን አጥሩን ሾልካ ባልቴቷ ቤት ጣለች። ከዚያ ወዲያም የምትጥለው እዚያ ነው።

የኔታ ወደ አባትየው ዞሩ። «ልጅህ ያቺ ዶሮ ናት። ምን እንደተቀረቀረባት እኔ አላውቅም፤ አንተም አታውቅም! ሦስት ቀን ስትጮህባት አንዴ ‹ምን ሆንሽ?› ብለሃታል?»

አባትየው አለንጋውን ከኋላው ሸሸገ።

«እንግዲያው አክስቷ ዘንድ ስደዳት። ትጠይቃታለች፤ ትነግራታለች። ከዚያ ወዲያ ግን የልቧን የምታወጣው እዚያ ነው። የለም ካልክ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ቤትህ ግባ። አለንጋውን ግን ወዲህ በል!»