የእድሩ ድንኳን

በዚያ የኮሮና ክረምት አውሎ ነፋስ የመንደሩን ጣሪያ ሁሉ ገሽልጦ ወሰደው። ነዋሪዎቹ የጣሪያ ቆርቆሮ እንዲሰጣቸው ለወረዳው አስተዳዳሪ አቤት ቢሉ ሰሚ አጡ። ዝናቡ አላስቀምጥ ሲላቸው የእድራቸውን የለቅሶ ድንኳን ጥለው ልጆቻቸውን አስጠለሉበት።

በሦስተኛው ሳምንት አስተዳዳሪው በመኪና ከች አሉና ድንኳኑን ሲያዩ በመስኮት ጮኹ።

«ለቅሶ መቀመጥ ተከልክሏል አልተባላችሁም? አፍርሱ! ለመሆኑ ማን ሞቶ ነው?»

አንዲት ጎመን ቸርቻሪ ሴትዮ ብድግ ብለው እጅ ነሡ።

«እኛማ እርስዎ የሞቱ መስሎን ነበር፣ ጌታዬ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲጠሩት ዝም የሚል ሰው በሕይወት ይኖራል ብሎ ማን ይጠረጥራል? እንኳን ተረፉልን። በሉ ቆርቆሮውን ያምጡ፤ ድንኳኑን እኛው እናነሣለን።»