ጉም የሚያወጣው ምድጃ

ከንቲባ ወንድይፍራው አዲስ ቤታቸው በገቡ በወሩ፣ በሰፈሩ ውስጥ ጭስ የሚባል ነገር እንዳይታይ አዋጅ አስነገሩ። ነጩ ግድግዳቸው ጠቆረባቸዋ!

ከአጥራቸው ማዶ አረቄ እያወጣች የምትኖር አንዲት ምላሰኛ ሴት ነበረች። አንድ ቀን ጠዋት ከንቲባው ዘበኛቸውን አስከትለው፣ «ጭስ አልባ» የተባሉ በእንጨት የሚነዱ ሦስት ምድጃዎች አሸክመው ደጇ ድረስ መጡ።

«አንዱን ምረጪ» አሏት። «ግን ከመረጥሽው ምድጃ ትንሽ ጭስ ብትወጣ፣ የአረቄ ማውጫሽን እንዳለ አሰብረዋለሁ።»

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ምድጃዎቹን ታገላብጥ ጀመር። ጊዜው ክረምት ነው፤ እንጨቱ ሁሉ ርሷል። የትኛውንም ብትመርጥ መጨሱ አይቀርም። ከንቲባውም ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

በዚህ መሃል ከከንቲባው ማድ ቤት የተነሣ ጥቁር ጭስ አጥሩን ተሻግሮ መጣና ሁሉንም ሳል በሳል አደረጋቸው። ከንቲባው እንባቸውን እየጠረጉ፣

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብለው ዘበኛው ላይ አፈጠጡበት።

ዘበኛው ወደ ማድ ቤቱ አየት አደረገና ቶሎ አንገቱን ደፋ። «ጉም ነው፣ ጌታዬ።»

«ጉም ነው እንጂ!» አሉ ከንቲባው ጉሮሯቸውን እየጠራረጉ። «በይ አንቺ፣ ምረጪ!»

ሴትዮዋ ቀና አለች።

«መርጫለሁ፣ ጌታዬ። እነዚህን ይመልሷቸውና የእርስዎን ማድ ቤት ምድጃ ይስጡኝ። እንጨቱ ምንም ቢርስ ጉም እንጂ ጭስ አያወጣም። ዘበኛውንም አብረው ይላኩልኝ፤ ምድጃው ያለ እሱ አይሠራም።»