የረገበው ከበሮና እንጣጢት

ጠጋ በሉ ልጆች። እኔ ብዙ አላወራም። የሰማሁትን እነግራችሁና ዝም እላለሁ።

ድሮ ነው። እንስሳት ሁሉ አንድ ሸለቆ ውስጥ ይኖሩ በነበረ ጊዜ። አለንጋም፣ ገመድም፣ ከበሮም አፍ አውጥተው ይናገሩ በነበረ ጊዜ።

በሸለቆው መሀል ወንዝ ያልፋል። በጋ በጋ ደግ ወንዝ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ሸለቆውን እንዳለ ይውጠዋል። ስለዚህ እንስሳቱ በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ወደ ላይ፣ ወደ ደጋው ሜዳ ይወጣሉ።

መውጫው አንድ ነው። ገደል ወገብ ላይ የተለጠፈ ቀጭን መንገድ። ስሙ አንድ ኮቴ ይባላል። በግራ ድንጋይ፣ በቀኝ አየር።

የአንድ ኮቴ ሕግ፣ አፍንጫ በጭራ ነው። የኋለኛው አፍንጫውን የፊተኛው ጭራ ላይ ያሳርፋል። ጉም ቢወርድ እንኳ እንዳይለያዩ እንደዚያ ተያይዘው ይወጣሉ። ከሁሉም ኋላ አያ በሬ ይሆናል፤ ቀንድ ስላለው። ጅብ የሚመጣው ከኋላ ነውና።

እመት አህይት አንዲት ልጅ ነበረቻት። እንጣጢት ትባላለች። እንጣጢት ከኋላዋ ነፋስ ቢነካት ትራገጣለች። ቅጠል ቢወድቅባት ትራገጣለች። የእመት ፍየልን የውሃ ቅል ሰብራለች። የእመት በጊትን ሁለት ጥርስ አውልቃለች። እናቷንም አልማረችም።

«ይቺን ልጅ አላሳደግሻትም፤ እንዲሁ ነው የለቀቅሻት» ትላታለች እመት ፍየል።

«ምን ላድርጋት?»

«እኔ ብሆን አንድ ቀን አትፈጅብኝም!»

እመት አህይት ጆሮዋን ጥላ ትሄዳለች።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቸኮለ። አያ በሬ ሁሉንም ሰበሰበ።

«በአራተኛው ቀን ማለዳ እንወጣለን» አለ። ወደ እንጣጢትም ዞረ። «ይቺ አንድ ኮቴ ላይ ከተራገጠች፣ ከኋላዋ ያለው ገደል ገባ ማለት ነው። ሦስት ቀን አላችሁ። ካልተገራች እዚሁ ትቀራለች።»

«ለምን መጨረሻ አትሆንም? ከኋላዋ ማንም አይኑር» አለች እመት በጊት፣ በቀሩት ጥርሶቿ።

«መጨረሻ ላይማ ጅብ አለ» አለች እመት አህይት።



በመጀመሪያው ቀን አለንጋ ብድግ አለ። አለንጋ ቀጭን ነው፤ ጉራው ግን ወፍራም ነው።

«ለእኔ ተዉት! ባለጌ የማርመው እኔ ነኝ።»

ሹው አለ፣ አንዴ። እንጣጢት ተራገጠች። ሹው አለ፣ ሁለቴ። አብልጣ ተራገጠች። ሹው ሲል በሦስተኛው፣ እርግጫዋ አስፈንጥሮ ወንዝ ማዶ ጣለው።

«ይቺስ አትታረምም!» ብሎ ከማዶ ጮኸ።

በሁለተኛው ቀን ገመድ እየተሳበ መጣ።

«መምታት ምን ይሠራል? ማሰር ነው እንጂ!»

አራት እግሯን አንድ ላይ ጠመጠማት። እንጣጢት ወደቀች። ዝም አለች።

«አያችሁ? ገራኋት!»

እልል አሉ። እመት አህይት ግን ጠጋ ብላ አየቻት። ልጇ ዝም ብላለች፤ ሆዷ ግን እንደ ወናፍ ይነፋል፣ ይሟሽሻል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፈቷት። ቀኑን ሙሉ ያጠራቀመችውን እርግጫ ባንዴ አወረደችው። ገመድ ሦስት ቦታ ተበጠሰ።

በሦስተኛው ቀን የከበሮ ተራ ሆነ። ከበሮ ሽማግሌ ነው። የምትመታው እመት ጦጢት ናት፤ ጣት ያላት እሷ ብቻ ናታ።

«ፀሐይ ላይ አውጡት» አለ አያ በሬ። «በደንብ ይሙቅ፤ ይወጠር። ድምፁ ልቧን ያቅናው።»

ከበሮ ሲሞቅ ቆዳው ይወጠራል፤ ሲወጠር ይጮኻል። ያልሞቀ ከበሮ ለድግስ አይወጣም። ይህን የማያውቅ የለም። ከረፋድ እስከ ቀትር አሞቁት። ጦጢትም፣ «ነይ! በእኔ ምት ሂጂ! አንድ! ሁለት!» እያለች ደለቀችው።

ደንግ! ደንግ! ደንግ!

እንጣጢት ጆሮዋን አጥፋ ፈረጠጠች። ወንዙ አፋፍ ላይ የፊት እግሯ ሲንሸራተት፣ እናቷ ማጅራቷን በጥርሷ ይዛ አተረፈቻት።

«በቃ» አለ አያ በሬ። «ነገ እንወጣለን። ልጅሽ ትቀራለች።»

«እኔም እቀራለሁ።»

«አንቺ ምን በወጣሽ?»

«የወለድኳት እኔ ነኛ።»

በሬ ጀርባውን ሰጣት። ሄደ።

ወዲያው ዝናብ መጣ። ሁሉም ዋሻ ገባ። ከበሮ የሚያስገባው አጣ። ዝናቡ ሲያባራ ቆዳው ረግቧል፣ ተለስልሷል።

እመት ፍየል በኮቴዋ ነካ አደረገችው። «ውይ አባ ከበሮ! የአሮጊት ጉንጭ ሆነሃል!» ብላ ስቃ አለፈች።

እመት አህይት ልጇን አስከትላ በአጠገቡ ስታልፍ፣ ከበሮ ቀስ ብሎ ጠራት።

«እመት አህይት፣ በድዬሻለሁ።»

«አንተ ምን አደረግህ? ታዘህ ነው።»

«ልጅሽ በእግሯ ስታወራ ነበር። እኔ ሳልሰማት በላይዋ ጮኽኩባት። ኮቴዋን አድምጠሽው ታውቂያለሽ? እሱ እርግጫ አይደለም። ሩጫ ነው። ምንድነው ያባረራት?»

እመት አህይት አንገቷን ደፋች። ለማንም ተናግራው አታውቅም።

«በተወለደች በሳምንቷ ጅብ ጭራዋን ያዛት። እኔ ራቅ ብዬ ሣር እግጥ ነበር። ጮኼ አስጣልኳት። የጭራዋን ጫፍ ግን ይዞት ሄደ።»

«እንግዲያው እስከ ዛሬ እየሮጠች ነዋ» አለ ከበሮ።

እመት አህይት ልጇን አየቻት። ያን ቀን ያየቻት እንደ አዲስ ነው።

ከበሮ ጦጢትን ጠራት። «አሁን አትምሪያት። ተከተያት። ስትረግጥ ምቺኝ፤ ስትቆም እጅሽን አንሺ።»

እንጣጢት መሬቱን ረገጠች። ድም። ቆመች። ከበሮውም ቆመ። ጆሮዋን ቀና አደረገች። ሁለቴ ረገጠች። ድም ድም። የረገበ ቆዳ አይጮኽም፣ ጆሮ አይሰነጥቅም። ድምፁ ሆድ ውስጥ ነው የሚገባው።

«ማነው?» አለች እንጣጢት።

«አንቺ ነሽ» አለ ከበሮ።

እንጣጢት ዘለለች። ከበሮው ዘለለ። ዙሪያውን ሮጠች። ከበሮው አብሯት ሮጠ። ድምድምድምድም! ጦጢት ጣቷ ዛለ።

«ደከመሽ?» አላት ከበሮ።

«አልደከመኝም!»

«እኔ ግን አርጅቻለሁ። ትንሽ ቀስ ልበል።»

ድም ድም ድም። እሷም ሳይታወቃት ቀስ አለች። ድም፣ ድም፣ ድም። እርምጃ ሆነ።

«አሁን» አላት ከበሮ እናቲቱን፣ «ሦስት ስመታ፣ በሦስተኛው አፍንጫሽን ጭራዋ ላይ አሳርፊ። ቀድመሽ አይሆንም፤ ዘግይተሽም አይሆንም።»

ድም፣ ድም፣ ድም። ነካቻት። እርግጫ! የእመት አህይት ከንፈር ደማ።

«አላልኩም?» አለች እመት ፍየል ከዋሻው በር።

ከበሮ አልተቆጣም። እንደገና ጀመረ። ድም፣ ድም፣ ድም። ነካቻት። እንጣጢት እግሯን አነሳች፤ አሰበች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

ድም፣ ድም፣ ድም። ነካቻት። እንጣጢት ዝም ብላ ቆመች። ጭራዋ መቼ እንደሚነካ አሁን አውቃለች። ጅብ እንደዚያ አይመጣም። ጅብ ቆጥሮ አይመጣም።

በማግስቱ ማለዳ ሰልፉ ተሰናዳ። አያ በሬ ከበሮውን አየው።

«ይሄን የረገበ ነገር ደግሞ ማን ሊሸከመው ነው?»

«እኔ» አለች እመት አህይት። «ጦጢትንም እጨምራለሁ።»

«ልጅቷስ?»

«ከፊቴ ትሄዳለች። አፍንጫዬ በጭራዋ።»

«ከተራገጠች ገደል የምትገቢው አንቺ ነሽ።»

«አውቃለሁ።»

በሬ ወደ ሰልፉ ጫፍ ዞረ። «በይ እንግዲህ። እኔ ከኋላሽ ነኝ» አለ። እመት ፍየል ግን፣ «እና ከፊቷ የምሆነው እኔ ነኝ? ከቀረኝ አንድ ቅል ጋር ገፍታ ብትጥለኝስ?» እያለች አጉረመረመች።

ወጡ። ድም፣ ድም፣ ድም። በግራ ድንጋይ፣ በቀኝ አየር። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ጉም ወረደ። ከታች፣ ከሸለቆው፣ የጅብ ጩኸት ተሰማ።

እንጣጢት ቀጥ አለች። እናቷ ጭራዋ ሲንቀጠቀጥ በከንፈሯ ተሰማት። ያ የቆሰለ ከንፈር። የልጅቷ ኮቴዎች ባሉበት ይመቱ ጀመር፤ ዱብዱብዱብዱብ። የሩጫው ኮቴ።

አፍንጫዬን ላንሳ? አለች እመት አህይት በልቧ። ገደሉ በቀኟ ነው። አላነሳችም።

«ጦጢት፣ ሩጪ!» አለ ከበሮ።

ድምድምድምድም!

«ኧረ አታባብሱብን! ዝም አሰኙት!» ብሎ አያ በሬ ከኋላ ጮኸ።

ከበሮ አልሰማውም። ከልጅቷ ጋር ሮጠ። ጉም ውስጥ፣ ከጅቡ ፊት፣ ከእሷ ጎን ለጎን ሮጠ። እንጣጢት ብቻዋን አልነበረችም። ከዚያ ሽማግሌው ትንሽ ቀስ አለ። ድም ድም ድም። ኮቴዋ ተከተለው። ድም፣ ድም፣ ድም። እንጣጢት በረጅሙ ተነፈሰች። አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደች።

ያን ጊዜ ሰልፉ ሁሉ በከበሮው ይረግጥ ጀመር።

«አያ በሬ» አለች ጦጢት ዞር ብላ፣ «ዝም አሰኙት ስትል አልነበረም? አሁን እኮ በእኔ ምት ነው የምትረግጠው።»

«ዝም ብለሽ ምቺ!» አለ በሬ።

ደጋው ሜዳ ላይ ሲወጡ ፀሐይ ነበረች። አንድም አልጎደለም። አያ በሬ ደስ ብሎት፣ «ከበሮውን አሙቁት! ዛሬ ይጨፈራል!» አለ።

እንጣጢት መጥታ ከበሮው ፊት ቆመች። «እንዳለ ይቆይ» አለች። «ትንሽ።»

ማንም አልሳቀም። እመት ፍየልም አልሳቀችም። እንዲያውም ጠጋ ብላ፣ በቀስታ፣ ሦስት ቆጥራ፣ አፍንጫዋን የእንጣጢት ጭራ ላይ አሳረፈች።

ከዚያ ወዲያ አልተራገጠችም አልላችሁም። ትራገጥ ነበር፤ ጉም ሲወርድ፣ ነፋስ ሲያፏጭ። ያኔ ግን አለንጋ የሚጠራ የለም። መጀመሪያ ኮቴዋን ያደምጣሉ።

እናንተም የሚሮጥ ልጅ ስታዩ፣ ቁም ብላችሁ አትጩኹበት። ጥቂት አብራችሁት ሩጡ። ከዚያ እናንተ ስታዘግሙ እሱም ያዘግማል።

ተረቴ እዚህ ላይ ኮቴውን አሳረፈ። እኔ አፌን ዘጋሁ፤ እናንተ ጆሯችሁን አትዝጉ።