ቅዳሜ ቅዳሜ የሚዘጋው በር

አንድ ቢተው የሚባል አጋፋሪ ነበር። ሥራው በከተማው ሹም ደጅ ዘንጉን ይዞ መቆም፣ ባለጉዳዩን ማስገባት፣ ቀኑ ያልደረሰውን መመለስ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በር ላይ ስለቆመ፣ ሰው በሩን የሚዘጋው ሁልጊዜ ለክፋት እንዳልሆነ ያውቃል።

የከተማዋ ቤቶች ሁሉ የሣር ክዳን ነበሩ፤ ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፈው የቆሙ። አንዱ ቢቃጠል ሌላው አይተርፍም። በአንድ የበጋ ወቅት፣ ነፋሱ በበረታበት ሰሞን፣ ከሹሙ ግምጃ ቤት ባሩድ በስልቻ በስልቻ ተሰረቀ። የከተማዋ መውጫዎች ወዲያው ስለተዘጉ ባሩዱ ከአንዱ ቤት ውስጥ እንዳለ ታወቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሴቶቹ ምድጃ የሚያነዱት እየተሳቀቁ ነበር።

ሹሙ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለው ቤት ሁሉ ይፈተሽ አሉ። ትእዛዙ ባልከፋ፤ ወታደሮቹ ግን ከገቡበት ቤት ሁሉ ወሬ ይዘው ይወጣሉ። ጠጅ ቤት ቁጭ ሲሉ ይዘረግፉታል። የባለጸጋው ጎተራ ባዶ መሆኑ፣ የእገሌ ሚስት መኝታ መለየቷ፣ መካኗ ሴት ትራሷ ሥር ያስቀመጠችው ክታብ ሳይቀር የገበያ መሳቂያ ሆነ። ባሩዱ ግን አልተገኘም። ሰዉም ባሩዱን መፍራቱን ትቶ ወታደሮቹን መፍራት ያዘ። ያየ አላየሁም፣ የሰማ አልሰማሁም አለ።

በመጨረሻ ሳይፈተሽ የቀረው የባላምባራስ አስረስ ቤት ሆነ። ባላምባራስ በዘመናቸው ብዙ የዘመቱ፣ አሁን ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ኮሶ የጠጣ ሰው፣ መድኃኒቱ ትሉን እስኪያስወጣለት ድረስ ቤቱን ዘግቶ ይውላል፤ እንግዳ ቢመጣም «ኮሶ ጠጥተዋል» ይባላል፣ ማንም ለምን አይልም። ሌላው ሰው በየሁለት ወሩ ሲጠጣ ባላምባራስ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ይጠጡ ነበር። ጎረቤት ለዓመታት ሲስቅበት የኖረው ነገር አሁን አላስቅ አለ። «ይህ ሁሉ ኮሶ አይደለም፤ ባሩዱ እዚያ ነው» ተባለ። ወታደሮቹ ሊገቡ ቢሉ ሽማግሌው ጠመንጃቸውን በመስኮት አወጡ። «ሳልሞት አትገቡም» አሉ።

ሹሙ በሩ እንዲሰበር አዘዙ። ቢተው ግን ደም እንደሚፈስ ስላየ «ጌታዬ፣ አስቀድሞ እኔ ብቻዬን ልሂድ» አለ። ፈቀዱለት።

ደጁ ላይ ቆሞ አንኳኳ። «ባላምባራስ፣ ቢተው ነኝ። ብቻዬን ነኝ።»

«ቅዳሜ ነው ቢተው። ኮሶ ጠጥቻለሁ።»

«ይህን ያህል ኮሶ እንኳን ሰው ዝሆንም አይችለው፣ ባላምባራስ።»

ከውስጥ ሳል የሚመስል ሳቅ ተሰማ። ቢተው አፉን ወደ በሩ ስንጥቅ አስጠጋ።

«የርስዎን ገመና ፈልጌ አይደለም የመጣሁት። ባሩድ አለ ወይስ የለም፣ ይህን ብቻ ነው። ሁላችንም ያለነው በሣር ቤት ነው። ከርስዎ ቤት የሚነሣ እሳት የኔን ልጆች ይበላል። ይህን የመጠየቅ መብት አለኝ፤ ከዚህ ያለፈ የለኝም።»

«ሌላ ነገር ብታይስ?»

«ሆድ ይፍጀው።»

«ሹሙ ቢጠይቁህስ?»

ቢተው ይህን አላሰበበትም ነበር። ሚስቱ ትዝ አለችው፣ ልጆቹ ትዝ አሉት። የሹሙ ቁጣ የሚያደርሰውን ያውቃል። ቢሆንም «እሳቸውም ቢጠይቁኝ» አለ።

መቀርቀሪያው ተነሣ። ቢተው ገባ፤ ጓዳውን፣ ቆጡን፣ አልጋ ሥሩን አየ። ያየውን አየ። ባሩድ የለም። ሲወጣ ለሽማግሌው እጅ ነሥቶ፣ በሩን ራሱ ዘግቶላቸው ወጣ።

ሹሙ በሕዝብ መካከል ይጠብቁት ነበር።

«ባሩድ የለም ጌታዬ።»

«ምን አለ ታዲያ?»

«ባሩድ ያልሆነ ነገር።»

ከሕዝቡ ውስጥ ሳቅ አፈትልኮ ወጣ። የሹሙ ፊት ግን ኮሶውን እሳቸው የጠጡት መሰለ። «እኔ ነኝ የላክሁህ። ያየኸውን ሁሉ ንገረኝ» አሉ።

«የላኩኝ ከተማዋን ከእሳት እንዳድን ነው። ለዚያ የሚያስፈልገውን ነግሬዎታለሁ። የቀረው የባለቤቱ ነው።»

«እንግዲያው ዘንጉን አስቀምጥና ሂድ።»

ቢተው ዘንጉን መሬት ላይ አጋድሞ ሄደ። ቤቱ ደርሶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ከፍቶታል። አንዲት ቃል ተንፍሶ ቢሆን ኖሮ እንጀራው አይቋረጥም ነበር፤ ደግሞስ ባሩዱ ገና አልተገኘ። ልክ ሠርቼ ይሆን ወይስ ሞኝ ሆኜ እያለ ሲያወጣ ሲያወርድ ዋለ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጠጅ ነጋዴዋ እመት እንጉዳይ ከኋላው ደረሱበት።

«አጋፋሪ፣ አንድ ጊዜ» አሉት።

«አጋፋሪነቱ ትናንት ቀርቷል፣ እመት እንጉዳይ።»

«ለሹሙ ቀርቶ ይሆናል። እኔ የምፈልገው አፉን የሚዘጋ ሰው ነው።» ዙሪያቸውን አዩ። «ጎረቤቴ ጨው ነጋዴው፣ ባሩዱ በጠፋ ሰሞን ከባድ ከባድ ስልቻ ሲያስገባ አይቻለሁ። ጨው ስልቻን ጥቁር አያደርግም። ስልቻዎቹን የደረደረው ከኔ ምድጃ ጋር በሚዋሰነው ግድግዳ በኩል ነው፤ ከፊታቸው ጨው ስለከመረበት ፈታሾቹ አላዩትም። ይኸው እሳቱን ሳነድ ሞቴን የማነድ እየመሰለኝ ነው የሰነበትሁ።»

ቢተው ወደ እሳቸው ጠጋ አለ። «ምነው እስከ ዛሬ ዝም አሉ?»

«እነዚያ ወታደሮች ይታመናሉ? ብናገር በማግስቱ ስሜ ጠጅ ቤት ይውላል፤ ደግሞ የራሴ ጠጅ ቤት። ነጋዴውም ዘመድ አለው፣ ይበቀለኛል። ሹሙ ራሳቸው ጠይቀውህ ካልተነፈስህ ግን ለማን ትተነፍሳለህ ብዬ መጣሁ።»

ቢተው በቀጥታ ወደ ሹሙ ሮጠ። የነጋዴውን ስም ተናገረ፣ ግድግዳውን ተናገረ። ወታደሮች ሄደው ስልቻዎቹን ከምድጃው ጀርባ አወጡ፤ ነጋዴውም ታሰረ። ያን ቀን ከተማዋ ከብዙ ጊዜ በኋላ እፎይ አለች። ሴቶቹ ምድጃቸውን ሳይሳቀቁ አነደዱ፤ በየጣሪያው ጭሱ ሲወጣ አይቶ የሚደነግጥ አልነበረም።

ሹሙ ቢተውን ጠሩት። «ማን ነገረህ?»

«ሆድ ይፍጀው፣ ጌታዬ።»

አጠገባቸው የነበሩት ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። ሹሙን ግን ሳቅ ቀደማቸው። ዘንጉን ከግድግዳው ሥር አንሥተው በእጁ አስያዙት።

«እኔም ቤት አለኝ ቢተው» አሉት። «አንድ ቀን የኔን በር ማንኳኳት ግድ ከሆነ፣ የሚያንኳኳው አንተ እንድትሆን ነው የምፈልገው።»

ከዚያ ወዲያ በዚያች ከተማ፣ ከግድግዳ አልፎ ጎረቤትን የሚጎዳውን ነገር አጋፋሪው ይጠይቃል፤ ባለቤቱም ይመልሳል። ከግድግዳ የማያልፈው ግን የባለቤቱ ሆኖ ይቀራል። ገመና የሚከበርበት ሰፈር ሰው አደጋን አይሸሽግም፤ ገመና የሚዘረገፍበት ሰፈር ግን እሳቱንም ምስጢሩንም አንድ ላይ ይደብቃል።

ባላምባራስ አስረስም እስኪሞቱ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሶ እንደጠጡ ኖሩ። ቢተው ያየውን ነገር ይዞት ተቀበረ፤ ይህን ታሪክ የነገሩኝም አያውቁትም።

አሁን አንባቢ ሆይ፣ ባሩዱ ተገኝቷል፣ ከተማዋም ድናለች። በልብህ የቀረው ጥያቄ ታዲያ ስለ ምንድን ነው? ስለ ቅዳሜው ከሆነ፣ ያ በር ተዘግቶ የቀረው የኔና የአንተም በር እንዲከበር መሆኑን አስብ።