አህያን መጀመሪያ ደደብ ያላት ማን ነው?

አንድ ጊዜ፣ እናንተዬ፣ አህያ ተቆጣች። ቁጣ ብቻ መሰላችሁ? ጆሮዋን እንደ ጦር አቁማ፣ አቧራውን እያቦነነች ወደ አንበሳ ደጅ ገሰገሰች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ በዚያ ዱር አህያ ሲባል ጭነት የምትችል፣ መንገድ የማትስት ማለት ነበር። ኋላ ግን ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ስሟ ስድብ ሆነ፤ የተሰናከለም የዘነጋም «አንተ አህያ!» ይባል ጀመር። በዚያው ሰሞን አያ ጅቦ የበኸር ውርንጭላዋን በላባት። በዓይኗ አይታ «ያገር ያለህ!» ብትል፣ እመት ጦጣ ከዛፍ ላይ ሆና «ኤዲያ! አህያ ደግሞ ምን ታውቃለች?» ብላ ሳቀችባት። አገሩም አብሮ ሳቀ። አሁን ሁለተኛ ውርንጭላ ወልዳለች፤ ጅቡ ደግሞ ምራቁን እየዋጠ በደጇ ማለፍ አብዝቷል።

«ጃንሆይ፣ ስሜን ማን እንዳጠፋው ይውጣልኝ!» አለች።

አንበሳ አዛጋ። «ለአንድ ቃል ብለሽ ነው እንቅልፌን የምትነሺኝ?»

«ለቃሉ አይደለም፣ ለልጄ ነው! ይችኛዋንም ቢበላት ማን ያምነኛል?» ብላ ብታናፋበት የአንበሳ ጎፈር ቆመ። ወዲያው አውጫጭኝ ይጠራ አለ። አውጫጭኝ ማለት አገሩ ሁሉ ተሰብስቦ፣ እየማለ የሚያውቀውን የሚናገርበት ሸንጎ ነው፤ ጥፋተኛው ሳይወጣ ቤቱ የሚገባ፣ እህል የሚቀምስ የለም።

ሜዳው ላይ ተሰበሰቡ። ጦጣ ምላ «ከከርከሮ ነው የሰማሁት» አለች። ከርከሮም ምሎ «እኔ ደግሞ ከእመት ቀበሮ» አለ።

ቀበሮ ጭራዋን እየላሰች «ኧረ እኔ ምን አውቄ፣ ጌታዬ? የቃሉ ትርጉም ከጥንትም ይኸው ነው። እስቲ ጆሮዋን እዩት!» አለች። ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ።

አህያ ደሟ ፈላ። «ሳቁ! ሳቁ እንጂ! ተራው የእናንተ ስም ሲሆን እናያለን!»

ፀሐይ አዘቀዘቀች። የጅቡ ሆድ እንደ ከበሮ ይጮህ ጀመር።

«ጃንሆይ፣ እኔ እንኳ ልሂድ፣ ሆዴ...»

«ማንም አይሄድም!»

«ኧረ በቃኝ! ቀበሮ ናት! ‹አህያ ማለት ደደብ ማለት ነው ብለን እናስወራ፤ ያን ጊዜ ልጇን ብትበላ ጩኸቷን የሚሰማ የለም› አለችኝ። ለምክሯም ጉበቱን ሰጥቻታለሁ! በሉ አሁን ምሳዬን ልብላ!»

አገሩ ሁሉ ወደ ቀበሮ ዞረ። እሷም በጅቡ ላይ ብው ብላ «አንተ አህያ!» ብላ ጮኸችበት።

«አህያዋስ እኔ ነኝ!» አለች አህያ፤ ዞር ብላም በኋላ እግሯ አንዱን ለሌላው፣ ሌላውን ለአንዱ አቀበለቻቸው። የጅቡ ጥርስ ረገፈ፣ የቀበሮ አፍንጫ ተጣመመ፤ አንበሳም ሁለቱን ካገር አባረራቸው። ውርንጭላዋ በሰላም አደገች። ጦጣ ልታቅፋት ብትመጣ ግን አህያ «ስትስቂ ሰምቼሻለሁ፣ ወግጂ!» ብላ መለሰቻት።

ቃሉማ ወንዝ ተሻግሮ ሄዷል፤ እሱን ማን ይመልሰው? አህያ እስከ ዛሬ የምትራገጠው ወዳ አይደለም።

ከዚህ የምንማረው፣ የሰው ስም ሲጠፋ ስንሰማ አብረን ከመሳቃችን በፊት በዚያ ስም መጥፋት ማን እንደሚበላበት መጠየቅ እንዳለብን ነው።