ውሸታሙ ደመና እና የእንየው የመጨረሻ ዘር

ተረት ልነግራችሁ ነውና ልጆች ቀረብ በሉ፤ ትልልቆችም ጆሮ ስጡ።

ድሮ ድሮ፣ ደመናም ጉንዳንም አፍ አውጥተው በሚናገሩበት ዘመን፣ እንየው የሚባል ገበሬ ነበረ። ሚስቱ ጠጄ፣ ልጁ ደግሞ የዝና ትባላለች። እንየው ለዘር የመረጠውን የማሽላ ዛላ ነቀዝ እንዳይበላው በሦስት እስር አስሮ ከምድጃው በላይ፣ ጢስ በሚያገኘው ቦታ ሰቅሎት ነበር። ከዚያ ሌላ ዘር አልነበረውም።

በዚያ አገር ሰማይ አንድ ውሸታም ደመና ይዞር ነበር። ሆዱ ባዶ ነው፤ ጠብታ የለውም። ግን ሰው አንጋጦ ሲያየውና ሲለማመጠው ደስ ይለዋል። ግንቦት ሲገባ መጥቶ አጓራ።

"መጣሁልህ እንየው፣ ዝራ" አለው።

እንየው ሮጦ አንዱን እስር ዘራ። ደመናው ሲወደስ ውሎ ሄደ። ዘሩን ፀሐይ ጠበሰው።

ሳምንት ቆይቶ ደመናው ተመለሰ። ያን ጊዜ ቸኩሎ እንደነበር፣ አሁን ግን እውነቱን እንደሆነ ምሎ ተናገረ። እንየው ሁለተኛውን እስር ዘራ። ደመናው ሲወደስ ውሎ ሄደ። ይህንንም ፀሐይ ጠበሰው።

አንድ እስር ቀረ። እንየው "ይህ ከጠፋ ቤተሰቤን ምን አበላለሁ?" እያለ በምድጃው ዙሪያ ሲንቆራጠጥ፣ የተሰቀለው ዘር ከላይ ተናገረው።

"አንተ ሰው፣ ሁልጊዜ የምትጠይቀው ሰማዩን ነው። እኔ የምገባው ግን መሬት ውስጥ ነው። እስቲ የመሬቱን ጎረቤቶችህን ጠይቅ፤ ጉንዳንን፣ ቢጫውን ወፍ፣ እንቁራሪትን። ክረምቱ ቀድሞ የሚነካው የእነሱን ቤት ነው፤ አይዋሹህም።"

በማግስቱ እንየው፣ ጠጄና የዝና ወጡ። ጠጄ ከደጃፉ ጉንዳን ዘንድ ሄደች። ጉንዳንም ሥራ እንደበዛባት፣ እንቁላሎቿ ገና ከጉድጓዱ ታች እንዳሉ፣ ውሃ ሲሸታት ግን ተሸክማቸው ወደ ጉብታው እንደምትወጣ ነገረቻት። የዝና ከወንዝ ዳር ግራር ሥር ቆማ ወፉን አየችው። እንደ ገለባ የደበዘዘ ነበር። ቢጫ ልብሱን ሳይለብስና ጎጆ መጎንጎን ሳይጀምር ክረምት ገብቶ እንደማያውቅ ነገራት። እንየው ደግሞ ከደረቀው ኩሬ ሄዶ ጭቃውን በዱላው ነካ ነካ አደረገ።

"ማነው የሚቀሰቅሰኝ?" አለች እንቁራሪት ከሥር።

"እንየው ነኝ እመቤቴ። ዝናቡ ቀርቦ ይሆን?"

"ቢቀርብማ አንተ እኔን ትቀሰቅሰኝ ነበር? እኔ ነኝ አንተን የምቀሰቅስህ። በል ሂድ።"

ከዚያ ወዲያ ጠዋትና ማታ ይወጡ ጀመር። ድሮ ዝም ብለው ይበሉ የነበሩት ሰዎች አሁን ማዕድ ሲቀርብ ወሬ ይሻሙ ነበር። ጠጄ የፌንጣ እግር ለመጎተት ስለተጣሉ ሁለት ጉንዳኖች ታወራለች፤ የዝና የወፉን ድምፅ ታስመስላለች፤ አባትየው ይስቃል። ጎረቤታቸው ምናሉ ግን አላገጠባቸው።

"ጉንዳን እንደ ከብት ማገድ ጀመራችሁ አሉ። ትታለባለች ወይ?"

ደመናው ለሦስተኛ ጊዜ መጣ፤ ከበፊቱ ጠቁሮ፣ ከበፊቱ ጮኾ። የመንደሩ ሰው ሁሉ ዘሩን ይዞ ሮጠ። ምናሉም ሮጠ። እንየው እጁን ወደ መጨረሻው እስር ሰደደ። ቢዘንብስ? እኔ ብቻ ብቀርስ?

ጠጄ ጉንዳኖቹ ገና ታች እንዳሉ ነገረችው። የዝና ወፉ ገና እንደደበዘዘ ነገረችው። ከኩሬው ድምፅ የለም። እንየው እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ ቁጭ አለ።

"እንየው፣ ቀና ብለህ እየኝ እንጂ" አለ ደመናው።

"ይቅርታ ጌታዬ፣ መሬት መሬት እያየሁ ነው።"

ደመናው አኩርፎ ሄደ። ጠብ ያለ ነገር የለም።

ጥቂት ቀናት አለፉ። አንድ ጠዋት ሰማዩ ጥርት እንዳለ፣ ጠጄ እየሮጠች መጣች፤ ጉንዳኖቹ ነጫጭ እንቁላሎቻቸውን ተሸክመው ጉብታውን እየወጡ ነው። የዝና ተከትላት ደረሰች፤ ወፉ እንደ ቅቤ ቢጫ ሆኖ ጎጆውን እየጎነጎነ ነው። ያን ጊዜ ከኩሬው አንድ ወፍራም ድምፅ ተሰማ።

"ተነስ እንየው፤ ተራህ ደረሰ።"

እንየው የመጨረሻውን እስር አወረደ። በምናሉ ደጅ ሲያልፍም የተረፈ ዘር ካለው እንዲዘራ ለመነው። ምናሉ ወደ ሰማይ አየና "በዚህ ሰማይ?" ብሎ ሳቀበት።

እነ እንየው ዘሩን አፈር አልብሰው ሳይጨርሱ ዝናቡ ወረደ። ማንም ወደ ቤት አልሮጠም። ጠጄ ነጠላዋን አውልቃ ጨፈረች፤ የዝና ከእንቁራሪቶቹ ጋር ጮኸች፤ እንየው ጭቃ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ሳቀ። ምናሉም የተረፈችውን ዘር በቁና ይዞ፣ ውሃ እያንጠባጠበ መጣ።

"ጠጄ፣ እባክሽ ጉንዳኖቹን አሳዪኝ" አላት።

"መጀመሪያ ዝራ፤ ከዚያ ታልባቸዋለህ" አለችው።

በዚያ ዓመት ማሽላው ከሰው ቁመት በለጠ። ከዚያ ወዲህ ግንቦት ሲገባ የዚያ አገር ቤተሰብ ሁሉ ልጆቹን ይዞ ጉንዳኑን፣ ወፉንና እንቁራሪቷን ለመጠየቅ መውጣትን ልማድ አደረገ።

ደመና ሲያወራ ስማ፤ ጉንዳን ስትወጣ ግን ተነስ።

ተረቴ እዚህ ላይ አበቃ፤ እናንተም ዳቦውን ስጡኝና ደጅ ወጥታችሁ ጎረቤቶቻችሁን እዩ።